የደምለው እጆችና የመርጌታ ማጫወቻ

የእኔ የልብስ ስፌት ሱቅና የደምለው የጥገና ሱቅ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ግድግዳ የምለው ለስሙ ነው እንጂ ቀጭን ኮምፔንሳቶ ነው። እሱ ሲያስነጥስ እኔ «ይማርህ» እላለሁ፤ እኔ የስፌት መኪናዬን ሳቆም እሱ «ክር አለቀብህ?» ይለኛል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ እንዲህ ጎን ለጎን ብዙ ዓመት ተቀምጠናል። ስለዚህ የምነግራችሁን ነገር ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን ደግሞ ሳልፈልግ ሰምቻለሁ።

ደምለው የአማኑኤል አካባቢ ገበሬ ልጅ ነው። ልጅ ሆኖ የአባቱን ሬዲዮ ፈታትቶ መልሶ መግጠም አቅቶት አንድ ሙሉ ክረምት ቤቱ ያለ ዜና ከርሟል። አባቱ አልመቱትም፤ ከዚያ የከፋ ነገር አደረጉ፤ በየቀኑ ማታ ሬዲዮው ይቀመጥበት የነበረውን ባዶ ቦታ እያዩ ዝም ይላሉ። ያንን ዝምታ መቋቋም ስላቃተው ነው ማርቆስ መጥቶ ከአንድ ሽማግሌ የሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሙያ የተማረው። ሬዲዮውንም በመጨረሻ ጠግኖ አስገባላቸው። ከዚያ የቴፕ ዘመን መጣ፣ ከቴፕ ቀጥሎ ሞባይል መጣ፣ እሱም አብሮ እየተማረ ሄደ።

በእጁ ነበር የሚታወቀው። መበየጃውን እንደ እስክሪብቶ ይይዘዋል። ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ይነካል፣ ያነሳል፤ የቀለጠው እርሳስ እንደ ጤዛ ጠብ ብሎ እዚያው ይቀራል። ሌላ ጊዜ ወሬ የማያልቅበት ሰው፣ መበየጃ ከያዘ ግን ንጉሥ ቢመጣ ቀና አይልም።

ሚስቱ ያለምወርቅ የጉንደ ወይን ልጅ ናት። ሱቁ ፊት ለፊት ተቀምጣ ቻርጀር፣ ባትሪና የስልክ መሸፈኛ ትሸጣለች፤ ለመጣው ሰው መዝሙርና ስብከት ሚሞሪ ላይ ትጭናለች። ደንበኛ የምታናግር እሷ ናት። ቻርጀር በእጇ መዝና ብቻ «ይሄ ከወር አያልፍም» ትላለች፤ ብዙ ጊዜም አትሳሳትም።

የደምለው እጅ መንቀጥቀጥ መቼ እንደጀመረ እሱም በትክክል አያውቅም። መጀመሪያ የቀኝ አውራ ጣቱ ነው፤ ዝም ብሎ ሲቀመጥ መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው ከጠቋሚ ጣቱ ጋር ይፋተጋል። አንዳንዱ ሰው ጸሎት እያደረሰ ይመስለዋል። ቀስ በቀስ እጁን ኪሱ መክተት ለመደ። ረቂቅ ሥራ ሲመጣም «ዕቃው ከአዲስ አበባ አልመጣም» እያለ መመለስ ጀመረ። እኔ መርፌ ላይ ክር በማስገባበት ዓይኔ አይቼው ነበር፤ ግን ወንድ ልጅ ኪሱ የከተተውን እጅ አውጣና አሳየኝ አይባልም።

ያለምወርቅ ከእኔ ቀድማ አውቃለች። ጠዋት ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ እየዘጋች ታወጣው ነበርና።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» ትለዋለች፤ በግድግዳው እሰማለሁ።

«ብርድ ነው። የማርቆስ ብርድ መቼ ሰው ይምራል?» ይላል።

እሷም ዝም ትላለች።

መርጌታ ዘመንፈስቅዱስ የመጡት በሐምሌ፣ ዝናቡ ትንሽ ባባራበት አንድ ረፋድ ላይ ነው። አርባ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ነጭ ጋቢ ደርበዋል፤ በቀጭን ዘንግ መንገዱን እየነኩ ነው የሚሄዱት፤ ሁለቱም ዓይናቸው አያይም። ከደብረ ኤልያስ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ረዳት ክንዳቸውን ይዞ እስከ ሱቁ በር አደረሳቸው።

«እንደምን አደራችሁ? የደምለው ቤት ይሄ ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አደሩ አባቴ? ይግቡ፣ ደረጃ አለው፣ ቀስ ይበሉ» አለች ያለምወርቅ።

ከተቀመጡ በኋላ ከአንገታቸው ላይ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አውልቀው የክብሪት ቀፎ የሚያክል የሙዚቃ ማጫወቻ አወጡ። ውስጡ ያለው ግን ሙዚቃ አልነበረም። መምህራቸው የኔታ ወልደ ሩፋኤል በሕይወት ሳሉ ድጓ ሲያዜሙ ደቀ መዝሙሮቻቸው ፊታቸው አስቀምጠው የቀዱት ነው። የኔታ ካረፉ ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል።

«ድምፁ ይመጣና ይሄዳል» አሉ መርጌታ። «መጀመሪያ ሽቦውን ወደ ጎን ስገፋው ይመለስልኝ ነበር። ካለፈው እሑድ ወዲህ ግን ጭራሽ ጠፉብኝ።»

ጠፋ አላሉም፤ ጠፉብኝ ነው ያሉት።

ያለምወርቅ ከሱቁ አዲስ የጆሮ ማዳመጫ አምጥታ ሰካች፤ ያው ነው። የኔታን አልፋ፣ ማጫወቻው ውስጥ የነበረ አንድ መዝሙር ከፈተች። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጥቂት ካዳመጠች በኋላ ሳቋ መጣ።

«ደምለው፣ ናማ ስማ! ከበሮው አለ፣ መሰንቆው አለ፤ ዘማሪዋ የለችም!»

ደምለው ቀኝ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ብድግ አለና በግራው ተቀብሎ አዳመጠ። ፊቱ በራ። እንዲህ ያለ ብልሽት ይወዳል።

«ግራውንዱ ነው» አለ። «መርጌታ፣ ሽቦው የሚሰካበት ቀዳዳ ጃክ ይባላል። እሱ ውስጥ አንድ መንገድ ወደ ቀኝ ጆሮ፣ አንድ መንገድ ወደ ግራ ጆሮ ይሄዳል። ሁለቱም የሚመለሱበት የጋራ መንገድ ደግሞ አለ። ግራውንድ የምንለው እሱን ነው። እሱ ሲቋረጥ በሁለቱም ጆሮ እኩል የሚሄደው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ዘማሪ መሐል ስለሚቆም ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። ከዳር ከዳር ያለው መሣሪያ ብቻ ይተርፋል።»

«የኔታማ ብቻቸውን ናቸው፤ ከዳር የሚተርፍላቸው ነገር የለም» አሉ መርጌታ።

«ለዚያ ነው ጨርሰው የጠፉት።»

ያለምወርቅ ማጫወቻውን ወደ ኮምፒውተሩ ሰክታ ያለውን ሁሉ ገለበጠች። «አይስጉ፣ ድምፃቸው እዚህም ተቀምጧል። ከፈለጉ ስልክ ላይ ልጫንልዎት?»

«እግዜር ይስጥሽ። ስልኩ ግን መስታወት ነው፤ ጣቴ የሚይዘው ነገር የለውም። የዚህን ቁልፎች አውቃቸዋለሁ። ‹እዚች ጋ ይድገሙልኝ› ብዬ ስፈልግ ጣቴ ሳልነግረው ይመልሳቸዋል።» ደግሞ ቀጠሉ፤ «ዜማውንስ በቃሌ ይዤዋለሁ። የማዳምጠው የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስዱ ነው። ከመስከረም ጀምሮ እኔው ወንበር ተቀምጬ ላስተምር ነው። የኔታ የሚያርፉበት ቦታ ካልገባኝ ተማሪው የሚወርሰው የእኔን መቸኮል ይሆናል።»

በመንገድም የሚያዳምጡት በአንድ ጆሮ ብቻ እንደሆነ ነገሩን። ሌላው ጆሯቸው መንገድ ይጠብቅላቸዋል።

እኔ ከበሩ ላይ ቆሜ ነበር። ያለምወርቅ ባሏን ታየዋለች፤ የለመደውን ሰበብ፣ ዕቃው አልመጣም የሚለውን፣ ትጠብቃለች። ደምለው ማጫወቻውን አገላበጠው።

«ነገ ከሰዓት ይምጡ» አለ።

ለምን እንዲህ እንዳለ በኋላ ጠይቄው ነበር። «እንዲያ ያለ ነገር ነግረውኝ እንዴት አልችልም ልበል?» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ያለምወርቅ ገበያ ሄዳለች። ከግድግዳው ወዲያ የሱቁ በር ገርበብ ሲል፣ የትንሿ መፍቻ ድምፅ ሲመጣ፣ ከዚያ የመበየጃው ሽታ ሲገባ ተከታተልኩ። ቀጥሎ ዝምታ ሆነ። ደምለው ትንፋሹን ሰብስቧል አልኩ በልቤ። አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ ወደቀና እንደ ሳልም እንደ ለቅሶም ያለ ድምፅ ተሰማ።

ገብቼ ሳየው ቀኝ አንጓውን በግራ እጁ አንቆ ይዞታል። ማጫወቻው ተከፍቶ ፊቱ ተቀምጧል። እኔ ስለዚህ ነገር ብዙ አላውቅም፤ ግን ከጃኩ እግር ሥር እንደ ዓሣ ቅርፊት ተልጦ የተነሳች የመዳብ ቅጠል ይታየኛል። መበየጃው ተንሸራቶ የቦርዱን፣ የውስጥ ሰሌዳውን፣ ቆዳ ገፎታል። ቀድሞ የላላ ነገር ብቻ ነበር፤ አሁን እግሩ የሚቆምበት መሬት የለውም።

«አትንገራት» አለኝ።

ማን ይነግራታል? ከገበያ ገብታ ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ ሽታው ነግሯታል። ጠረጴዛውን አየች፣ እሱን አየች፣ ተቀመጠች።

«እድሜው አልቋል፣ አይሠራም እንበላቸው» አለ ደምለው ወለል ወለሉን እያየ። «ድምፁ እንደሆነ ኮምፒውተሩ ላይ አለ።»

«እኔ እንዲያ አልልም» አለች። «አንተም አትልም።»

«ታዲያ ምን ልበል? ደምለው እጁ ተበላሸ ልበልና ነገ ማን ይመጣል?»

«ዓመት ሙሉ ቁልፍህን ስዘጋልህ፣ ‹ብርድ ነው› ስትለኝ ዝም ያልኩት አምኜህ መሰለህ? እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት። ለእኔ ሳትነግረኝ ቀረህ፤ እሺ። ለእሳቸው ግን ትነግራቸዋለህ።»

እኔ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። ያን ቀን የሰፋሁትን ኮሌታ ፈትቼ ደግሜዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ መርጌታ በዘንጋቸው መንገዱን እየነኩ መጡ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ደምለው እስኪቀመጡ እንኳ አልጠበቀም።

«መርጌታ፣ ዕቃዎን አበላሽቼብዎታለሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ከጀመረው ዓመት አልፎታል። መንካት አልነበረብኝም።»

መርጌታ ቆመው ቀሩ። «እያወቁ ነው የነኩት?»

«እያወቅሁ።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። የተናደደ ሰው አይቼ አውቃለሁ፤ ንዴቱን የሚያዞርበትን ፊት ማየት የማይችል ሰው ሲናደድ ግን ያኔ ነው ያየሁት። ዘንጋቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ ወለሉ ላይ ተጫኑት። ያለምወርቅ ወንበር አስጠግታ እጃቸውን መደገፊያው ላይ አደረገችላቸው። ተቀመጡ።

«ጨርሶ አይሆንም ማለት ነው?»

«ይሆናልስ ይሆናል» አለ ደምለው። «ከጃኩ እግር ፀጉር የሚያክል ሽቦ ስቦ ሌላ ግራውንድ ያለበት ቦታ ላይ መበየድ ነው። መንገዱ አለ። እጅ ነው የጠፋው።»

«እጅ አለ» አለች ያለምወርቅ።

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። የቻርጀር ገመድ ስትበይድ አይቻት አውቃለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን አልሠራችም።

«ይሄ ገመድ አይደለም፣ ያለም።»

«አውቃለሁ። አንተ ንገረኝ።»

እኔ በጨለማ ቀን መርፌ የማይበትን አጉሊ መነጽር ከነማቆሚያው አምጥቼ አቆምኩላት። ከአሮጌ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ውስጥ አንዲት ቀጭን ሽቦ መዘዙ። እሷ መበየጃውን ያዘች። ሥራው ተጀመረ፤ ወዲያውም ጠብ ተጀመረ።

«እንደሱ አይደለም፣ እንዲህ!» ይላል፣ እጁን እየሰደደ።

«እንዲህ ማለት እንዴት?»

«እንዲህ ነዋ!»

«እጅህን ሰብስብ፣ በአፍህ ንገረኝ!»

በአፉ ሊነግራት አልቻለም። ሰላሳ ዓመት ገደማ ሲሠራው አንድም ቀን በቃል ብሎት አያውቅም። ሽቦዋ አልያዝ ብላ ትንከባለላለች፤ የሷ ጆሮ ግንድ ላይ ላብ ወጣ፤ እሱ «ተይው፣ ተይው በቃ» እያለ ወዲያ ዞረ። በዚያው ቅጽበት መብራት ሄደ። ሰማዩም ስለጠቆረ ሱቁ ድንግዝግዝ አለ። ሁሉም ዝም አለ።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ መርጌታ።

«መብራት ሄደ» አለች ያለምወርቅ።

«አሃ። እኔ ደግሞ ተጣልታችሁ መስሎኝ።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ደምለውም ሳይወድ ሳቀ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ፤ መብራቱ እስኪመለስ ከመቀመጥ ሌላ የምንሠራው አልነበረም። መርጌታ ድምፃቸውን ከዝናቡ በላይ ከፍ አድርገው ማውራት ያዙ።

«ዓይኔን ኩፍኝ ነው የወሰደው፤ ልጅ ሆኜ። የኔታ ዘንድ ስገባ ሌላው ተማሪ የዜማውን ምልክት ብራናው ላይ ያያል። ለእኔ ምን ይበሉኝ? መጀመሪያ ላይ ‹እንዲህ ነው› ይሉኝ ነበር፣ አሁን እርስዎ እንዳሉት። ‹እንዲህ ማለት እንዴት የኔታ?› እላለሁ። ይቆጡኛል። ከዚያ እጄን ያዙና ድምፁ ሲወጣ ከፍ፣ ሲወርድ ዝቅ ያደርጉት ጀመር። ቀጥሎ ደግሞ ከገበሬ ቤት፣ ከወንዝ፣ ከከብት እየለቀሙ ያስረዱኝ ያዙ። አንዱን ቦታ ‹በሬ ትልም ጫፍ ላይ ደርሶ እንደሚዞር› አሉኝ። ያንን ቦታ ሳዜም እስከ ዛሬ በሬው ይታየኛል።»

ደምለው ጉልበቱ ላይ የምትንቀጠቀጠውን እጁን አየ። ወደ ኪሱ አልከተታትም።

«ይቆጡ ነበር ብለዋል» አለ።

«በጣም እንጂ! አቅቷቸው ነበራ። ሲያቅታቸው የእኔ ጥፋት ይመስላቸዋል። በኋላ እሳቸውም ይስቁበት ነበር።»

የደምለው ከንፈር ይንቀሳቀስ ጀመር። ለካ ቃል እየፈለገ ኖሯል።

መብራቱ ሲመለስ ወንበሩን ከያለምወርቅ ኋላ አደረገው፤ እጁ እንዳይደርስ።

«ሽቦዋ ቀለም ተቀብታለች» አለ በቀስታ። «ቀለሙ ካልተቃጠለ እርሳሱ አይቀመጥባትም። መጀመሪያ ጫፏን ብቻ አሙቂያት፤ ትንሽ ትጨሳለች። ጨሰች? አሁን እርሳስ አስቀምሻት። ነጣች?»

«ነጣች።»

«ጥሩ። አሁን ወደ ጃኩ እግር። ትኩስ ነገር በከንፈርሽ እንደምትሞክሪው ነው፤ ነክቶ መመለስ። አትግፊው። እርሳሱ ራሱ ሮጦ ይሄዳል። እንደ ውሃ ሲያብረቀርቅ ታነሻለሽ፤ ከዚያ በኋላ እስኪደክም ድረስ ሽቦዋን አታነቃንቂ።»

«እርሳሱ ነው የሚደክመው?»

«እርሳሱ። ብርሃኑ ደብዘዝ ይልልሻል።»

ትንፋሿን ስትሰበስብ ሰማሁ። እኔም የእኔን ሰብስቤ ኖሯል። ነካች፣ አነሳች። ሌላኛውን ጫፍ የባትሪ መሙያው የሚሰካበት ቀዳዳ የብረት ሽፋን ላይ አስጠጋችው፤ እሱም ግራውንድ ነው አላት። የመጀመሪያው ሙከራ አልያዘም። እሱ አልተቆጣም። «ብረቱ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱን ይበላዋል፤ እዚያ ትንሽ ታገሺ» አላት። ሁለተኛው ያዘ።

ማዳመጫውን የሰካችው እሷ ናት፤ ጆሮዋ ላይ ግን አላደረገችውም። አንዱን ጫፍ ለመርጌታ ሰጠቻቸው። ጣታቸው ቁልፉን አገኘ።

ፊታቸው ወደ በሩ፣ ወደ ዝናቡ ዞሮ ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ቀስ ብላ ወደ ላይ ወጣች፣ ትንሽ ቆየች፣ ወረደች። ደምለው ዓይኑን ከዚያች እጅ ላይ አልነቀለም።

«እዚች ጋ ያስላቸዋል» አሉ መርጌታ በመጨረሻ፤ ጥርሳቸው ታየ። «ሳሉ።»

ያለምወርቅ መበየጃውን ከሶኬቱ ነቅላ ከወንበሯ ተነሳች፤ ጓሮ ወጥታ ብዙ ቆየች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባለች።

መርጌታ ሲሄዱ ዝናቡ አላባራም ነበርና እኔ በጃንጥላ እስከ መናኸሪያው ሸኘኋቸው። ከመለያየታችን በፊት፣ «ጎረቤትዎን ሐኪም ይያቸው፤ እርስዎም አጥብቀው ይንገሯቸው» አሉኝ። እኔም ነገርኩት። እሱ ግን የሄደው በእኔ ንግግር አይደለም። በሳምንቱ ያለምወርቅ ሸሚዙን እየቆለፈችለት፣ «ዛሬ ሱቅ አንከፍትም» አለችው፤ ተከትሏት ሄደ።

ሐኪሙ የነርቭ በሽታ ነው፣ ይዘውት የሚኖሩት እንጂ የሚለቅ አይደለም ብሎ መድኃኒት ሰጠው። መድኃኒቱ አንዳንድ ቀን ይረዳዋል፣ አንዳንድ ቀን አይረዳውም። አሁን ግራ እጁም ጀምሮታል። ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ደምለው የሚነጫነጭበት፣ ሱቅ ሳይመጣ የሚውልበት ቀን አለ። እሷ ስትበይድ ማየት የማይችልበት፣ ወጥቶ ከእኔ ጋር ተቀምጦ የጨርቅ ቁርጥራጭ የሚያገላብጥበት ቀንም አለ። «በቁሜ ወረሰችኝ» ብሎኛል አንድ ቀን። ወዲያው በራሱ አፍሮ፣ «ደግሞም ከእኔ ትሻላለች፤ አትቸኩልም» አለኝ።

ደንበኛው መጀመሪያ አካባቢ እሱን ይፈልግ ነበር። ስልኩን ለእሷ መስጠት የፈራ ሰው ሁሉ ደምለውን ያያል፤ ደምለውም «ስጣት» ይላል። ጣቶቿ ላይ የመበየጃ ጠባሳ በዝቷል። እሱ በጆሮው ይመረምራል፣ እሷ በእጇ ትከፍታለች፤ ሲከራከሩ ግድግዳዬን አልፎ ይመጣል። በፊት የጥገና ነገር ሲነሳ እኔ ከዚያ ሱቅ የምሰማው የእሱን ወሬና የእሷን ዝምታ ነበር። አሁን የማን ድምፅ እንደሚበዛ እርግጠኛ አይደለሁም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት አዲስ ዓይነት ማዳመጫ ይዛ መጣች፤ ገመድ የሚባል ነገር የለውም፣ ባቄላ የሚያክሉ ሁለት ፍሬዎች ናቸው። አንዱ አይሰማም። ያለምወርቅ አገላበጠችው፣ ምላጭ የሚያስገባ ስንጥቅ እንኳ አጣችበት።

«ደምለው፣ ይሄ በየት በኩል ነው የሚከፈተው?» አለች።

ሃያ ምናምን ዓመት ጎረቤቴ ሆኖ፣ ስለ ዕቃ ተጠይቆ እንዲህ ብሎ ሲመልስ ሰምቼው አላውቅም።

«እኔ እንጃ» አለ። «ወዲህ አምጪው፤ አብረን እንየው።»

ወንበሩን ሲስብ ሰማሁ።